ገመዱ በጎረቤት ፊት ሲዘረጋ፦ የምሥራቅ ጎጃም የመሬት ምዝገባና ሙስና

አዲስና ጉሊት በጎዛምን ወረዳ የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ጎዛምን ደብረ ማርቆስን ዙሪያዋን የከበበው ወረዳ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ሁለት ቀበሌዎች አንዱ አዲስና ጉሊት ነበር። ሁለተኛው ደቡብ ወሎ ያለው ገራዶ ነው። ድጋፉ የመጣው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ የገጠር ልማት ፕሮግራም ከነበረው ከስዊድኑ የልማት ድርጅት ከሲዳ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣሁት በሙስና ምክንያት ነው። አገራችን ውስጥ ስለ ሙስና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለተያዘ ሰው ነው። ማን ስንት በላ፣ የት ደበቀው፣ ስንት ዓመት ተፈረደበት። ሙስና በሰፊው ሊገባበት ሲችል ብዙም ያልገባበትን ሥራ ግን ቆም ብለን አናጠናም። የመሬት ምዝገባው እንዲህ ያለ ሥራ ነበር። የአንድ ዞን ገበሬ መሬት ተለካ፣ ስሙ ተጻፈ፣ ደብተር ተሰጠው። ያውም ጎጃም ውስጥ። «በሚስትና በርስት ዋዛ የለም» በሚባልበት አገር። ይህ ሁሉ ሲሆን የጉቦ ወሬ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር። ለምን እንደዚያ ሆነ? ያ ሁኔታ በኋላስ ለምን አልዘለቀም?

መልሱን ለማየት ከምዝገባው በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጎጃም የርስት አገር ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ የዘር ድርሻውን ይጠይቃል። የሚቆጥር ሰው ብዙ፣ መሬቱ ግን ያው አንድ ነው። ስለዚህ ክርክር አያልቅም። ዳኛ ፊት መቆም የኑሮ አካል ነበር፤ ዳኛ ፊት ሲቆም ደግሞ እጅ መንሻው አይቀርም። የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን የሕዝብ አደረገው። ርስት ቀረ። በቦታው የመጣው የገበሬ ማኅበርና የመሬት ድልድል ነው። ድልድል በመጣ ቁጥር ስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው አለ። ማን ለሙን፣ ማን ጠፉን እንደሚወስድ የሚወስን ሰው ማለት ነው።

የቅርቡና ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ድልድል በ1989 ዓ.ም. የተደረገው ነው። ክልሉ መሬት እንደገና እንዲከፋፈል ወሰነ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተፈረጁ። በንጉሡ ጊዜ ሥልጣን የነበራቸው ደግሞ «ቅሪት ፊውዳል» ተባሉ። የተፈረጀ ሰው ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 1 ሄክታር ሆነ፤ አራት ጥማድ ያህል ነው። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደለት።

ድልድሉ ለአንዳንዱ ጠቅሟል። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት አግኝተውበታል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ችግሩ አወሳሰኑ ላይ ነው። ማን «ቢሮክራሲ» እንደሚባል የሚወስነው ጥቂት ሰው ነበር። መስፈርቱ ለአብዛኛው ሰው ግልጽ አልነበረም። አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ጸሐፊ ሆኖ ከነበረና ከመዳቢዎቹ አንዱ ቂም ከያዘበት፣ ራሱን ዝርዝሩ ላይ ያገኘዋል። ይግባኝ የሚባለው ደግሞ ለዚያው ለወሰነው አካል ወይም ለአለቃው ነው። ከጎጃም ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ጥናት ደግሞ ሴት አባወራዎች ከድልድሉ ያገኙት ብዙ ጊዜ ያነሰና ጠፍ መሬት እንደነበር አሳይቷል። ተጠቃሚ በተባሉበት ድልድል ማለት ነው።

ስለ ሙስና የሚያጠኑ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ቀመር አለ። ሮበርት ክሊትጋርድ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረበው ነው። ሙስና ማለት ብቸኛ ሥልጣን፣ ሲደመር እንዳሻው የመወሰን ነፃነት፣ ሲቀነስ ተጠያቂነት ነው ይላል። ቀመሩ ሁሉን ነገር አይገልጽም። የሰው ኅሊና፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ይሉኝታ በሒሳቡ ውስጥ የሉም። ነገር ግን የ1989ን ድልድል በዚህ ቀመር ስናየው ሦስቱም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወሳኙ አንድ፣ ውሳኔው እንዳሻው፣ ጠያቂ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጥሩ ሰው ብታስቀምጥ እንኳ እሱም ይፈተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሕዝቡ ያለምክንያት አላወረሰንም።

አሁን ወደ ምዝገባው እንመለስ። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 46 አወጣ። መሬትን የሚያስተዳድር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የምዝገባው ሥራ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። ትልቁ ውሳኔ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። ክልሉ በቂ ቀያሽ አልነበረውም። ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ሥራው ለገበሬው ለራሱ ተሰጠ። በየቀበሌው የመሬት ኮሚቴ በሕዝብ ተመረጠ። በየጎጡም ንዑስ ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ከወረዳ የሚመጣው ባለሙያ ያሰለጥናል፣ ቅጽ ያከፋፍላል፣ ይመዘግባል። ወሰን የሚያሳየው ግን ጎረቤት ነው።

ልኬታው እንዲህ ነው። ባለይዞታው ማሳው ላይ ይቆማል። አዋሳኞቹም ይጠራሉ፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ያሉት ሁሉ። ኮሚቴው ገመድ ይዞ ይመጣል። ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ግራር እየተባለ ይለካል። ገመድ ደግሞ ተንኮል ያውቃል። ረገብ አድርገው ከያዙት ማሳው ከልኩ አልፎ ይጻፋል፤ የሚለካው ሰው ወዳጅ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር ነው። ግን የገመዱን ጫፍ የሚያየው አዋሳኙ ነው። ድንበር ሊገፋበት የሚችለውም እሱው ነው። «አያ፣ ወሰኑ ግራሩ ነው እንጂ ጉድባው አይደለም» ይላል ወጣቱ። «ልክ ነህ ልጄ፣ አባትህም የሚያውቀው ግራሩን ነበር» ይላሉ ሽማግሌው። እንዲህ ዓይነት ንግግር ነው ወሰን የሚያስይዘው። ካልተስማሙ ደግሞ ሽማግሌ ይገባል፤ አሁንም ካልሆነ ፍርድ ቤት።

ከልኬታው በኋላ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይቀርባል። ማን የት ምን ያህል እንደያዘ ሁሉም ያያል፣ ይሰማል። የተሳሳተ ነገር ካለ ያኔውኑ ይነሣል። እኔ የዚህ ጉዳይ ልብ ይህ ይመስለኛል። አንድ የኮሚቴ አባል ለወንድሙ የወል ግጦሽ ቆርጦ ጽፎለት ከሆነ፣ ያን ግጦሽ ከብቱን የሚያሰማራበት ሰው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል። ነገሩን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልገውም። ቢሮ መመላለስ አያስፈልገውም። መስማት ብቻ በቂ ነው።

የተሰጠው ደብተር ራሱ ብዙ ይናገራል። አረንጓዴ ነው፤ ገበሬው «አረንጓዴው ደብተር» ይለዋል። የባልና የሚስት ፎቶ አለበት። የሁለቱም ስም አለበት። ከዚያ ማሳዎቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፦ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ የለምነቱ ደረጃ፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰዎች። ካርታ የለውም። ይህ ጉድለት ነው፤ በኋላ ችግር አምጥቷል። ግን በሌላ በኩል ካየነው፣ የአንተ መብት ማረጋገጫ ላይ የተጻፈው የጎረቤትህ ስም ነው። በእሱም ደብተር ላይ ያንተ ስም አለ። አንዱን ማሳ በሐሰት ለማስፋት ከአንድ በላይ ደብተር መነካካት አለበት።

ፎቶው ብዙ ደብተር አዘግይቷል። ፎቶ አንሺ ገጠር ድረስ አይመጣም፤ ገበሬው ገንዘብ አውጥቶ ከተማ መሄድ ነበረበት። ሆኖም የሚስት ፎቶ መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀደም ሲል በትግራይ ክልል ደብተሩ በአባወራው ስም ብቻ ሲሰጥ፣ ጎጃም ውስጥ ግን ባል ሚስቱን ሳያስፈርም መሬቱን ማስተላለፍ ከበደው።

ጥናቶቹ ምን አሉ? የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የምሥራቅ ጎጃምንና የደቡብ ወሎን ቤተሰቦች መረጃ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አሳትመዋል። ምዝገባው ቀድሞ የደረሳቸውን ቀበሌዎች ገና ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። ደብተር ያገኙት ቤተሰቦች መሬቴ ይወሰድብኛል የሚለው ስጋታቸው ቀንሷል። እርከንና የአፈር ጥበቃ ላይ የሚያውሉት ጉልበት ጨምሯል። መሬት ማከራየትም በርክቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ይላል። አቅም ያጣች መበለት መሬቷን ብታከራይ ተከራዩ በዚያው የእኔ ነው ይላል ብላ ትፈራ ነበር። ፍርሃቱ ሲቀንስ ገቢዋ ይጨምራል። የሥራው ዋጋም በአንድ ማሳ 1 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደነበር ተጽፏል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ሌላ አገር ከሚወጣው ጋር ሲተያይ እጅግ ርካሽ ነው።

የዓለም ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ያለውን የሙስና ስጋት በ8 ዘርፎች መርምሮ ነበር። መሬት ከእነሱ አንዱ ነው። የከተማና የከተማ ዳር መሬት ላይ ስጋቱ ከባድ ሆኖ ተገኘ። የገጠሩ ምዝገባ ግን ሕዝብ በተሳተፈበትና በግልጽ በተሠራበት ቦታ ለሙስና ብዙ ክፍተት እንዳልሰጠ ታየ። አገሩ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ የሥነ ምግባር ትምህርቱም አንድ። አሠራሩ ግን ተለያየ።

ስለ ማኅበራዊ ደኅንነት ስንናገር ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ደኅንነት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎጃም ውስጥ የወሰን ጠብ ደም ያፋስሳል። አንዴ ደም ከተቃቡ ቤተሰብ ለቤተሰብ ሠርግ አይጠራራም፣ ለቅሶ አይደራረስም፣ በአንድ ማኅበር አይቀመጥም። ስለዚህ ወሰንን በምስክር ፊት ማጽናት የቡድን ጠብን መከላከል ነው። የጉቦ ወሰን ይህን አያደርግም። በጉቦ የተጻፈ ወሰን የተጻፈለት ሰው ቢኖር የተነጠቀውም አለ፤ እሱ ደግሞ አይረሳም።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ከሁሉ የሚከብደኝን አስቀድማለሁ። ምዝገባው የመዘገበው በወቅቱ የነበረውን ይዞታ ነው። በወቅቱ የነበረው ደግሞ የ1989 ድልድል ውጤት ነው። ያን ጊዜ «ቢሮክራሲ» ተብሎ መሬቱ የተወሰደበት ሰው፣ ንጹሕና ግልጽ በሆነ መንገድ የጎደለ ይዞታው ተመዘገበለት። በቂም የተወሰነው ነገር በአደባባይ ጸና። ስለ ሥነ ምግባር የሚጻፉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሒደቱን ነው፤ ሒደቱ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ይላሉ። የተበደለው ሰው ግን የሚያየው ማሳውን ነው። ክልሉ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 እንደገና ድልድል እንዳይደረግ አጥብቆ ወስኗል። የቀበሌው ባለይዞታዎች ቢያንስ 80 በመቶ ካልተስማሙና ጥናት ካልደገፈው ያ አዋጅ ድልድል አይፈቅድም ነበር። ይህ ለብዙው ሰው እፎይታ ነው። ለተፈረጀው ሰው ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እኔ አንዱን ለሌላው ስል መተው አልፈልግም።

ሁለተኛው ጉድለት ሴቶች ናቸው። ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ቢኖርም ኮሚቴው ውስጥ ጥቂት ነበሩ። ወሰን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏ ወንድሞች ሲያሳዩ ዝም እንድትል ይጠበቅባታል። አደባባይ የሚጠቅመው እዚያ መናገር ለሚችል ሰው ነው።

ሦስተኛው ከምዝገባው በኋላ የመጣው ነው፤ ሙስናው የተመለሰውም በዚህ በኩል ነው። መሬት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰው ይሞታል፣ ልጅ ይወርሳል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ አባት ለልጁ ይሰጣል። ለውጡ ሁሉ መመዝገብ አለበት። የመጀመሪያው ምዝገባ የተደረገው ማሳው ላይ ነበር። ለውጡ የሚመዘገበው ግን ወረዳ ቢሮ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ፣ በር ተዘግቶ። አዋሳኝ አይጠራም። ዝርዝር አይነበብም። የክሊትጋርድን ቀመር እንደገና አስቡት፤ ያ ሁሉ ተመልሶ መጣ። «ነገ ና» ተጀመረ። «ፋይሉ ጠፍቷል» ተጀመረ። ፋይሉ እንዲገኝ ደግሞ ምን እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል።

ብዙ ገበሬ ለውጡን ጭራሽ አያስመዘግብም። ድካሙንና ወጪውን ያየዋል። በዚህ የተነሣ ደብተሩና መሬቱ ቀስ በቀስ ተለያዩ። የሞተ አባት ስም ላይ ያለ ማሳ ሦስት ወንድማማቾች ያርሱታል። ከመካከላቸው አንዱ ቢሮ ውስጥ ሰው ካለው፣ አንድ ቀን አዲስ ደብተር በስሙ ይዞ ይመጣል።

ከተማ ዳር ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ወደ ጎዛምን ገበሬ ማሳ እየሰፋች ነው። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ነው። ለልማት ሲወሰድ ግን ካሳ አለ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰላ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 ከፍ ብሏል። ለምሳሌ ማሳው በዓመት 10,000 ብር ቢያስገባ በድሮው ስሌት ካሳው 100,000 ብር ነው። ያው ማሳ ተሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን የሚያወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው ደላላውን፣ ባለሙያውንና አንዳንዱን ሹም የሚጠራው። የትኛው ማሳ መቼ እንደሚካለል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ከገበሬው በ«ስጦታ» ወይም በ«ኪራይ» ውል ቀድሞ ይወስደዋል። ውሉ ስጦታ ይላል፤ በእውነቱ ሽያጭ ነው። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ዛሬ የሚያገኘው ጥሬ ገንዘብ ነገ ከሚመጣው ካሳ ይበልጥበታል።

ሕጉ አለ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የጥቆማ አቅራቢዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። ይህ ሁሉ እያለ ሙስናን በየአገሩ የሚመዝነው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ለእ.ኤ.አ. 2024 ባወጣው መለኪያ ኢትዮጵያ ከ100 ያገኘችው 37 ነው፤ ከ180 አገሮች 99ኛ ሆና። የሕጉን ጥቅም አላጣጥልም። ነገር ግን ጥበቃ አዋጁ ለአንድ የገጠር ሰው ምን ያህል ይደርሳል? ጠቋሚው የሚጠቁመው የቀበሌው ሰው ነው፤ በማግስቱ ለማዳበሪያ ስሙን የሚጽፈውም ያው ሰው ነው። የመጀመሪያው ምዝገባ ማንንም ጠቋሚ አላደረገም። ጎረቤት ስለ ራሱ ወሰን ነው የተናገረው፤ ያ ደግሞ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ መጥቷል። ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ማሳዎች ይለያሉ፤ ካርታ ያለው ደብተር ይሰጣል። በፊንላንድ ድጋፍ ይሠራ የነበረው ሬይላና በእንግሊዝ ድጋፍ የነበረው ሊፍት የተባለው ፕሮግራም ክልሉ ውስጥ ብዙ ሠርተዋል። እዚህም ካርታው ለሕዝብ ታይቷል። ለውጥን የሚመዘግብ የኮምፒውተር ሥርዓትም ተዘርግቷል። ኮምፒውተር ማን መቼ ምን እንደነካ ይይዛል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያየው አለቃው እንጂ አዋሳኙ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው ያለው ጦርነት ደግሞ የመንግሥት ቢሮዎችን ሥራ አስተጓጉሏል። ሰላም ሲሆን የሚጠብቀው የተጠራቀመ ውርስ፣ ፍቺና ስጦታ ብዙ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሮ በር ላይ ሲሰለፍ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት አይከብድም።

እኔ የምለው አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስና ጉሊት ላይ የተሠራውን መቀጠል ነው። ወረዳው የመዘገበው የይዞታ ለውጥ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀበሌው ድረስ ወርዶ በስብሰባ ይነበብ። የቦታው ስም፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ አዋሳኞቹ። እስኪነበብና የተቃውሞ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አዲሱ ደብተር አይጽና። የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ በሕጉ አሁንም አለ፤ ማንበቡን እሱ ሊያደርገው ይችላል። ከኮሚቴው አባላት ሴቶች ቁጥራቸው ይጨምር፤ የመበለትና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳ ሲነበብም ባለቤቶቹ መጠራታቸው ይረጋገጥ።

አንዳንድ የመሬት ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ የሰው ገመና አደባባይ ይወጣል ይላሉ፤ ፍቺና የውርስ ጠብ በሕዝብ ፊት አይነበብም ብለው። ተገቢ ስጋት ነው። የሚነበበው ግን የማሳው ዝውውር ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱ ፋይሉ ውስጥ ይቅር። ማን ከማን እንደተፋታማ ቀበሌው ከቢሮው በፊት ያውቀዋል።